«ኮሚቴውን ምሪ ተባልኩ፤ የለቀቀችበትን ምክንያት ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን የራሴ ጉዳይ እንቅልፍ ስለነሳኝ ለመጻፍ ተገደድኩ።

የምሠራው በአንድ የሕፃናት ደኅንነት ተቋም ውስጥ ነው። የኬዝ ሠራተኞች ቡድን መሪ ነኝ። ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ደርሶባቸዋል የተባሉ ልጆችን ጉዳይ እንከታተላለን፤ ቤተሰብ እንጎበኛለን፤ ሲያስፈልግ ልጁን አደራ ቤተሰብ ዘንድ እናስቀምጣለን፤ ለፍርድ ቤት ሪፖርት እናቀርባለን።

በቡድኔ ውስጥ አንዲት ጎበዝ ባልደረባ ነበረችኝ። ከምናገለግላቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ የሚናገሩትን ቋንቋ የምትችለው እሷ ብቻ ስለነበረች የሁላችንም አስተርጓሚ ሆነች። ስልክ ሲደወል «እስቲ አንዴ አናግሪልኝ»፣ ጉብኝት ሲወጣ «አብረሽኝ ነይ»፣ ደብዳቤ ሲመጣ «ይቺን ብቻ ተርጉሚልኝ»። የራሷ ፋይሎች ግን ከማናችንም አላነሱም። ሪፖርት ሲዘገይባት የክፍል ኃላፊው በሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ «የጊዜ አጠቃቀም ችግር አለባት» ብሎ ጻፈ። በኬዝ ስብሰባ ላይ ደግሞ አንድ ባልደረባችን አነጋገሯን እያስመሰለ ያስቃል። አንድ ጊዜ «ይሄ ደስ አይልም» ስለው «ቀልድ እኮ ነው፣ አታካብጂ» አለኝ። ሌላ ቀን ስለ አንድ ልጅ «ወደ ቤት ይመለስ ለማለት ገና ነው» ብላ ስትናገር ማንም ልብ አላላትም፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሲደግመው በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

በመጨረሻ ለቀቀች። መልቀቂያዋ ላይ «በግል ጉዳይ» ብላ ነው የጻፈችው። እውነቱን ለእኔ ነገረችኝና ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዳይሬክተሯ ስለ አካታችነት ለሁላችንም መልእክት ላከች። የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ኮሚቴም ይቋቋማል ተባለ። ሰብሳቢ እንድሆን የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። የቡድኔ አባላት «እኛ የምንሠራው ለልጆች ነው፤ የራሳችንን ስሜት እያነሳን ጊዜ አናጥፋ» ይላሉ። በአደራ ቤተሰብ ያደገ አንድ ወጣት ሠራተኛም አለን፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሕይወት ታሪኩን እንዲናገር ይጠራል። እምቢ ሲል አይቼው አላውቅም፤ ደስ ብሎት ሲሄድም አላየሁም።

ኮሚቴውን ልቀበል? ከተቀበልኩስ የማውቀውን ደብቄ እንዴት ነው የምሰበስበው?

ስሜ ይቆይ

ውድ ጠያቂያችን፣

በመጀመሪያ አይዞዎት። ጥያቄዎ ስለ ኮሚቴ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን የሥራ ጓደኛዋን ያጣች ሴት ሐዘንም አለ። ከሄደች ወዲህ ስለዚያ ያዋዩት ሰው አለ? ከሌለ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሚያምኑትን አንድ ሰው ይፈልጉ። ለማማረር አይደለም፤ የሷን በደል ተሸክመው ስብሰባ ቢመሩ ቁጣዎ ባላሰቡት ሰዓት፣ ምናልባትም ባላሰቡት ሰው ላይ ሊወጣ ይችላል።

ወደ ቃልዎ ልምጣ። ይጠብቁት። «ስሟን ሳልጠራ በደፈናው እናገራለሁ» ብለው አስበው ከሆነ ይተዉት፤ «ከእኛ የለቀቀች አንዲት ሠራተኛ» ሲሉ ማን እንደሆነች የማይገምት አይኖርም፣ ነገርም አንዴ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለሌላ ተቋም ስታመለክት ስለ ሥራዋ የሚጠየቀው ያው ምዘናዋን የሞላው ኃላፊ ሊሆን እንደሚችልም አይርሱ። «በግል ጉዳይ» ብላ የጻፈችው ፈርታ ነው ከማለትዎ በፊት አስልታም ሊሆን እንደሚችል ያስቡ።

ግን ምስጢሩ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ልብ ይበሉ። ምን እንደተሰማት፣ ለምን እንደመረራት፣ ለእርስዎ ብቻ ያለችው ሁሉ የሷ ነው። ፋይሎቿ አለመቀነሳቸው ግን መዝገብ ላይ ያለ ነገር ነው። አነጋገሯ ሲቀለድበት በስብሰባው የነበረ ሁሉ ሰምቷል፤ እርስዎም በጆሮዎ ሰምተው ተናግረዋል። በየቀኑ «አንዴ አናግሪልኝ» ስትባል ቢሮው ሙሉ አይቷል። ስለነዚህ ለመናገር የማንንም ምስጢር ማውጣት አያስፈልግዎትም፤ የዓይን ምስክር ነዎት። ሲናገሩም ስለ እሷ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ይናገሩ። «እሷ እንዲህ ተደረገች» ከማለት «ቋንቋ የሚችል ሠራተኛ የሚሠራው የትርጉም ሥራ በየትም አይቆጠርም» ቢሉ አንድም ሰው ሊያስተባብልዎት አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ይደውሉላት። «ኮሚቴ ምሪ ተብያለሁ፤ ካንቺ ከሰማሁት ውስጥ ብናገረው ቅር የማይልሽ ነገር አለ? ምንም የለም ካልሽም ይገባኛል» ይበሏት። መልሷን አይጫኑት። ምናልባት ምዘናዋ ላይ የሰፈረው ቃል እንዲታረምላት ትፈልግ ይሆናል፤ ምናልባት የዚያን ቢሮ ስም መስማት አትፈልግ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ብታውቀው አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 190ኛው ስምምነት በሥራ ዓለም ስላለ ጥቃትና ወከባ ሲደነግግ ጥበቃው የሥራ ውላቸው ያበቃ ሰዎችንም ይጨምራል። ስምምነቱን ያጸደቁት ሁሉም አገሮች ስላልሆኑ የአገሯ ሕግ ምን እንደሚል የሕግ ባለሙያ ብትጠይቅ ይሻላል፤ ዋናው ነገር መልቀቅ ማለት መብት ሁሉ አበቃ ማለት አለመሆኑ ነው። ቅሬታ ማቅረብ አለማቅረቡን የምትወስነው ራሷ ናት።

አሁን ደግሞ «እኛ የምንሠራው ለልጆች ነው» የሚለውን እንየው፤ ኮሚቴው ከተቋቋመ በየስብሰባው የሚገጥምዎት ይህ ነውና። ሲሰሙት የሚያሳፍር ንግግር ነው። ልጅ እየተደበደበ ማን ስለራሱ ስሜት ያወራል? ነገር ግን የኬዝ ሠራተኛ ያየውንና የሰማውን ይዞ ወደ ስብሰባ ካልመጣ የልጁን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። ባልደረባዎ «ለመመለስ ገና ነው» ስትል ያንን ያለችው ምናልባት እናትየዋን በራሷ ቋንቋ አናግራ፣ ሌላው ሰው ያልገባውን አንድ ቃል ሰምታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ዕድል ሆኖ ሌላ ሰው ደገመው። ባይደግመውስ? በአነጋገሯ የሚሳቅባት ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ አጭር ትናገራለች፤ ከዚያም «የምጨምረው የለም» ትላለች። ያን ጊዜ ሳይነገር የቀረው የልጁ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ማስረጃም አለ። ቻርልስ ግሊሰንና አንቶኒ ሄመልጋርን በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የሕፃናት አገልግሎት ቢሮዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የልጆቹን መሻሻል ከሁሉ በላይ የሚያመላክተው የቢሮው የሥራ ድባብ ሆኖ አግኝተውታል፦ ሠራተኞቹ መተባበራቸው፣ ፍትሐዊነት መኖሩ፣ ኃላፊነታቸው መለየቱ፣ እርስ በርስ አለመጋጨታቸው። እዚያው አሜሪካ በሚልዋኪ ካውንቲ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሠራተኛ መፈራረቅን ተመልክቷል። በጥናቱ ጊዜ አንድ ኬዝ ሠራተኛ ብቻ ከነበራቸው ልጆች 74.5 በመቶ የሚሆኑት ወደ ወላጅ ተመልሰው ወይም በሌላ መንገድ ቋሚ ቤት አግኝተዋል። ሁለት ሠራተኛ የተፈራረቁባቸው ልጆች ዘንድ ቁጥሩ 17.5 በመቶ ነበር። እርግጥ ነው ጉዳዩ የከበደ ልጅ ብዙ ስለሚቆይ ብዙ ሠራተኛ ያያል፤ ልዩነቱ ሁሉ የመልቀቅ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የእርስዎ ባልደረባ ስትሄድ ፋይሎቿ ለማን ተሰጡ? እነዚያ ልጆች ታሪካቸውን ለስንተኛ ሰው እንደ አዲስ እየተናገሩ ነው? «ለልጆች ነው የምንሠራው» ለሚልዎት ሰው ሳይቆጡ ይህንን ይጠይቁት።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20፣ ልጅ ከቤተሰቡ ተለይቶ አማራጭ እንክብካቤ ሲሰጠው የአስተዳደጉ ቀጣይነት፣ እንዲሁም የብሔር፣ የሃይማኖት፣ የባህልና የቋንቋ መሠረቱ ተገቢው ግምት እንዲሰጠው ይላል። ስለዚህ የልጁን ቋንቋ መናገር ለቢሮው የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ራሱ ሥራው ነው። ሥራ ከሆነ ደግሞ ሰዓት አለው፤ ይቆጠራል፤ ከፋይል ላይ ይቀነሳል። እኔ ብሆን የኮሚቴውን ጉዳይ ሁሉ ከዚህ እጀምረው ነበር።

ፋይል የሚያከፋፍለው ማነው? እርስዎ ከሆኑ ኮሚቴ ሳይጠብቁ ከነገ ጀምሮ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ለአንድ ወር ያህል ቀላል ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ማን ለማን አስተረጎመ፣ በስልክ ነው ወይስ በጉብኝት፣ ምን ያህል ሰዓት ወሰደ። ትርጉም ብቻም አይደለም፤ በየቢሮው የማይቆጠር ሥራ የሚሠራ ሰው አለ። አዲስ ሠራተኛ የሚያለማምደው፣ ያለቀሰች እናት ስትመጣ ሁልጊዜ የሚጠራው፣ በበዓል ቀን ተረኛ ሁን የሚባለው ላጤ። ወሩ ሲያልቅ ሠንጠረዡን ለክፍል ኃላፊውና ለዳይሬክተሯ ያሳዩ። «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ሲባል የነበረው ተደምሮ የስንት ቀን ሥራ እንደሚሆን ሲታይ ክርክሩ ይቀላል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት ግልጽ ነው፦ ወይ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይቀጠር፣ ወይ የሚያስተረጉመው ሠራተኛ ፋይል ይቀነስለት። ሠራተኛ ሲጠፋ ልጁ ራሱ ለወላጁ እንዲያስተረጉም የማድረግ ልማድ ካለም በዚሁ አጋጣሚ ይቁም፤ ስለደረሰበት ጥቃት ልጁ ራሱ አስተርጓሚ ሆኖ መናገር የለበትም።

የኬዝ ስብሰባውም በእጅዎ ያለ ነገር ይመስለኛል። ልጁን ያየው ሠራተኛ ቀድሞ ይናገር፤ ኃላፊዎች መጨረሻ ላይ። አለቃ «እኔ እንደሚመስለኝ…» ብሎ ከጀመረ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ያጸናል። በቃለ ጉባኤ ሐሳቡን ያነሳው ሰው ስም ይጻፍ። አንዱ ያለውን ሌላው ሲደግመው «አዎ፣ ቅድም እሷ ያነሳችው ነው፤ እስቲ ጨርሺልን» ማለት ይበቃል። ይህ ሲነገር ማንም አይከፋውም፤ ሳይነገር ሲቀር ግን አንድ ሰው ይከፋዋል።

አስመሳዩን ባልደረባ በተመለከተ ትንሽ ልዘግይ። እንደናንተ ባለ ቢሮ ቀልድ መተንፈሻ ነው። ቀኑን ሙሉ የልጅ ቁስል ፎቶ ሲያዩ የዋሉ ሰዎች ውጭ ያለ ሰው ቢሰማው በሚሰቀጥጠው ነገር ሲስቁ ይገኛሉ፤ ያንን ሁሉ ልከልክል ቢሉ ቡድኑን ያፍኑታል። በሥራው ክብደት መሳቅና በባልደረባ አነጋገር መሳቅ ግን ይለያያሉ። ያነጋገሯ አሳቂነት ምኑ ላይ ነው? ከምታገለግሏቸው ቤተሰቦች ጋር መመሳሰሉ ላይ። በሷ የሳቀ ሰው ደጅ ላይ ወረፋ በሚጠብቁት እናቶችም ስቋል። ለብቻ ጠርተው ይህንኑ ይንገሩት። «ዘረኛ ነህ» ብለው ከጀመሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ ራሱን ሲከላከል ይውላል። «ያንን ስታደርግ እሷ ስብሰባ ላይ መናገር አቆመች፤ ከእንግዲህ በምመራው ስብሰባ ላይ አይደረግም» ይበሉት፤ ያበቃል። ከደገመው በጽሑፍ ያድርጉት። እዚያው ስብሰባ ላይ ከተነሳም ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ «እሱን እንተወው፣ ወደ ልጁ እንመለስ» ብለው ይቀጥሉ።

ስለ ወጣቱ የጻፉት አሳስቦኛል። እንግዳ ፊት ሕይወቱን ሲያወራ የሚውል ሠራተኛ የተቀጠረው ለሙያው ነው ወይስ ለታሪኩ? በአደራ ቤተሰብ ያደገ ሰው አንድ ልጅ በሌሊት ከቤቱ ሲወሰድ ምን ይዞ መውጣት እንደሚፈልግ፣ በአዲስ ቤት የመጀመሪያው ማታ ምን እንደሚያስፈራው የሚነግራችሁ ነገር ይኖረዋል፤ ስለዚያ አሠራር ሲቀረጽ ጠርታችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ለብቻው ያነጋግሩት፤ ግን «ትቸገራለህ አይደል?» ብለው የእርስዎን ግምት አያጉርሱት። «ይህንን ብትተወው የሚጎድልብህ ነገር የለም፤ ማንም ምክንያት አይጠይቅህም፤ መናገር ከፈለግክም የምትናገረውን የምትመርጠው አንተ ነህ» ይበሉት። እምቢ ያለ እንደሆነ ለእንግዳ ተቀባዮቹ የሚነግሩት እርስዎ ይሁኑ።

ታዲያ ኮሚቴውን ይቀበሉ? በቅድመ ሁኔታ፣ አዎ። ግን መጀመሪያ ዳይሬክተሯን ያነጋግሩ፤ ጥርጣሬዎን ይዘው ሳይሆን ጥያቄ ይዘው። ኮሚቴው ምን መወሰን ይችላል? ሐሳብ ብቻ የሚያቀርብ ከሆነ ለቀረበው ሐሳብ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል? የሠራተኛ ዝውውርን፣ የምዘናን፣ የፋይል ክፍፍልን መረጃ ማየት ይችላል? እርስዎና አባላቱ ለኮሚቴው የምታውሉት ሰዓት ከየትኛው ሥራ ይቀነሳል? ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስልዎት፤ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ኮሚቴ ባልደረባዎን ያደከማትን ያንኑ ነገር መልሶ ይሠራል፣ አባላቱም አብዛኛውን ጊዜ በደሉ የሚደርስባቸው ሰዎች ናቸው። መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። «ለምን እኔን መረጡ?» ብለውም ይጠይቋት። ምናልባት ስብሰባ ላይ «ደስ አይልም» ያሉትን ሰምታ ይሆናል። ምናልባት ጸጥ ያለ ሰው ፈልጋ ይሆናል። ፊቷን ሲያዩ ይገባዎታል።

የአንድ ቀኑ ሥልጠና ይሰጥ፤ ክፋት የለውም። እኔ ግን ከአሠራር ለውጥ በፊት ባይመጣ እመርጣለሁ። ሥልጠናው አልቆ ሰው ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ያው የፋይል ክምርና ያው ምዘና ከጠበቀው ከሥልጠናው የሚተርፈው ምሬት ነው።

አንድ ነገር አስቀድመው ለዳይሬክተሯ ይንገሯት፦ ኮሚቴው በትክክል ከሠራ ቅሬታ ይበዛል። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ጥናት የሆስፒታል ክፍሎችን ስታነጻጽር፣ ጥሩ የሚመሩትና የሚግባቡት ክፍሎች ብዙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። እነሱ በዝተው ስለሚሳሳቱ አይደለም ነው ትርጓሜዋ፤ የሌሎቹ ክፍሎች ሠራተኞች ግን ስሕተታቸውን ለመናገር ይፈራሉ። በእናንተም ቢሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው መናገር ሲጀምር «ከኮሚቴው በፊት ሰላም ነበርን» የሚል አይጠፋም። ዳይሬክተሯ ይህንን ከእርስዎ ቀድማ ከሰማች ያን ቀን ከጎንዎ የመቆም ዕድሏ ይሰፋል።

ጥያቄዎችዎን በሙሉ በ«እናየዋለን» ካለፈቻቸውስ? እንግዲያው በትሕትና አይቀበሉ። «ኃላፊነቱን ልወጣ የምችለው እነዚህ ሲሟሉ ነው» ብለው አጭር ደብዳቤ ይስጧት፤ ቅጂው እርስዎ ጋ ይቅር። ሰብሳቢ ባይሆኑም ቡድን መሪ ነዎት፤ ሠንጠረዡን መያዝ፣ የስብሰባውን ቅደም ተከተል ማስተካከል፣ ያንን ባልደረባ ለብቻ ማነጋገር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከተቀበሉም የመጀመሪያውን ስብሰባ ከመጥራትዎ በፊት የክፍል ኃላፊውን ቢሮ ያንኳኩ። ምዘና የሚሞላው እሱ ስለሆነ ሠንጠረዡን ከሌሎች ፊት ሳይሆን ከእርስዎ እጅ ቢያየው ይሻላል፤ ያቺ «የጊዜ አጠቃቀም ችግር» የምትል ቃል ከየት እንደመጣች ራሱ ሊደርስባት ይችላል።